የሚዳስስልኝ የለም

«ሻካራ!» አሉ መምህር ፋንታሁን ሰሌዳውን በጠመኔ መታ መታ እያደረጉ። «በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡልኝ!»

«የአጎቴ ድምፅ ሻካራ ነው» አለ ዶላሞ።

«የእኔና የዶላሞ ግንኙነት ሻካራ ነው» አለች ቤቲ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ተራው ኤፍራታ ጋ ደረሰ። መጀመሪያ ትዝ ያላት የእናቷ የዘሪቱ እጅ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ገበያ ሸክላ የምትሸጠው ሴትዮ እጇ ሻካራ ነው።»

«ጎበዝ!» አሉ መምህሩ። ጎበዝ መባሏ ይባስ አንገበገባት። ታዲያ ምን ታድርግ? የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗ ከታወቀ ማን አብሯት ምሳ ይበላል? ቤቲስ ብትሆን ነገ አጠገቧ ትቀመጣለች?

ቅዳሜ ጂንካ ገበያ፣ ኤፍራታ ከእናቷ ጎን ድስቶቹን ስትደረድር ቤቲ ከእናቷ ከእትዬ አስካል ጋር ከች አለች።

«ኤፊ! አንቺም ድስት ልትገዢ ነው እንዴ?»

«አ... አዎ» አለች ኤፍራታ፣ ብድግ ብላ።

ዘሪቱ ቀና ብላ ልጇን አየቻት።

«የትኛውን ላንሳልሽ፣ የኔ እመቤት?» አለቻት፣ ልክ እንደ ገዢ። ኤፍራታ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

እትዬ አስካል አንዱን ድስት አገላበጡ። «ውስጡ ለስልሷል? ያለፈው ሻካራ ሆኖ ወጡን እየያዘ አስቸግሮኛል።»

ዘሪቱ ድስት እሳት ሳይገባ በወንዝ ጠጠር ታሸውና እንድትዳስስላት ለኤፍራታ ታቀብላት ነበር። የራሷን መዳፍ ጭቃና አሸዋ ሲፈትገው ኖሮ፣ ለስላሳና ሻካራ መለየት ከተወ ቆይቷል። አሁን ግን እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ድስቱ ውስጥ ከተተች። ደጋግማ ዳሰሰችው።

«እኔንጃ እመቤቴ» አለች በመጨረሻ። «ለእኔ አይለይልኝም። የሚዳስስልኝም የለም።»

የኤፍራታ ፊት በእፍረት ነደደ። ቤቲ ክንዷን ይዛ «ነይ፣ ሌላ ጋ እንይ» አለቻት።

ኤፍራታ ክንዷን አስለቀቀች። ቤቲን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ተንበረከከችና እጇን ከእናቷ እጅ አጠገብ ድስቱ ውስጥ ሰደደች።

«ይሄ ታች ጋ ይሻክራል፣ እማዬ» አለች። «ያኛውን ስጪያቸው። እሱን እኔ ዳስሼዋለሁ።»