የክላርኔቱ ክብደት

ደምመላሽ በማርሽ ባንዱ ውስጥ ክላርኔት መንፋት ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በየማለዳው ከሁሉ ቀድሞ ልምምድ አዳራሹ ይደርሳል፤ መስኮቶቹን ይከፍትና ጥግ ተቀምጦ የቀኝ አውራ ጣቱን በቪክስ ያሻል። የክላርኔት ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ጣት ላይ ነው፤ የእሱ ደግሞ ከክረምት ወዲህ እንደ ታመመ ጥርስ ይጠዘጥዘዋል። ለማንም ትንፍሽ አላለም። የባንዱ መሪ ሻለቃ ግዛው የታመመን ሰው ወደ ጽሕፈት ቤት ያዛውራል፤ ደምመላሽ ደግሞ ከወንበሩ ከሚነሣ ሞቱን ይመርጣል።

ክላርኔቱ የተሰነጠቀ ዕለት የዕቃ ክፍሏ እትዬ ጽዋዬ ከመደርደሪያ ጥግ ጥቁር ሣጥን አወረዱለት።

«ካንተ በፊት ይነፋ የነበረው የጋሽ ምትኩ ነው» አሉ አቧራውን እየጠረጉ። «እሱንም ጣቱን ያመው ነበር።»

«እኔን ያመኛል ያለው ማነው?»

«ቪክሱ ይሸተኛል እኮ ወንድሜ! ምስኪን ጋሽ ምትኩ፣ ይህን ክላርኔት እንደታቀፈ ወንበሩ ላይ ነው የሞተው። ከእጁ ለማላቀቅ ሁለት ሰው ፈጀ።»

ሣጥኑ ሲከፈት የወጣው ሽታ ያው የቪክስ ሽታ ነበር፤ ደምመላሽ ግን የገዛ እጁ ሽታ መሰለው። በሦስተኛው ቀን ክላርኔቱ ቀለለው። በሳምንቱ፣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ ሁሉም በሚነፉበት ሰዓት፣ ከሥር የሚደግፍለት ሰው ያለ ያህል ሆነ፤ ጣቱም ከስንት ወር በኋላ እፎይ አለ። ተመስገን ብሎ መንፋቱን ቀጠለ። የታመመ ሰው መድኃኒቱን አይመረምርም።

ቀጥሎ ግን ጣቱ የሚያርፍባት ብረት ገና ሳይነካት ሞቃ ትጠብቀው ጀመር። ዝናቡ ባባራ፣ ሌላው ሁሉ ጸጥ ባለ ጊዜ፣ ከአገጩ በታች የጣት አንጓ መንቋቋት ይሰማዋል፤ የእሱ ጣቶች ግን አልተንቀሳቀሱም። አንድ ጠዋት የኖታውን ወረቀት ሊገልጥ ሲያጎነብስ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር ሌላ አውራ ጣት አየ፤ ጥፍሩ ቢጫ፣ ቆዳው የረጠበ። ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ የለም። ፈራ፣ በጣም ፈራ። ክላርኔቱን መልሶ ሊገላገል አሰበ፤ ግን ሐሙስ ሻለቃው እያንዳንዱን ለብቻው ያስነፋል፤ በዚያ በሚጠዘጥዘው ጣቱ ብቻውን ከቀረ ወንበሩ አለቀለት። አልመለሰውም።

ሐሙስ እንደዚያ ነፍቶ አያውቅም። በመጨረሻዋ ረጅም ድምፅ ላይ አውራ ጣቱ ከብረቷ ተንሸራተተ፤ ክላርኔቱ ግን ከአፉ ንቅንቅ አላለም።

«ደሜ!» አለ ሻለቃው እያጨበጨበ። «ከእንግዲህ ከዚህ ወንበር የሚያነሣህ የለም!»

ያኔ ከሥር አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሸክም አውርዶ የሚሄድ ሰው አተነፋፈስ ነበር። ክብደቱ ባንድ ጊዜ መጣ፤ ሕመሙም የራሱና የሌላ ሰው ተደምሮ መጣ። ሊያስቀምጠው ሞከረ፤ ጣቱ አልላቀቅ አለ። «ኧረ ያዙት!» ሲሉ ሰማ። «እጁን አላቅቁለት... በስመ አብ! ቀዝቅዟል» አለ አንዱ። ከዚያ የክላርኔቱ ሣጥን ክዳን ከላዩ ተዘጋ፤ መቆለፊያዎቹ ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ።

ጨለማው ቪክስ ቪክስ ይሸታል። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አያውቅም። ብርሃን ሲገባ፣ አውራ ጣቱ በፋሻ የተጠቀለለ ቀጭን እጅ ወደ እሱ ተዘረጋ።

«ውይ፣ እትዬ ጽዋዬ፣ ሲቀል!» አለች በወንበሩ የተተካችው ልጅ ሳቅ ብላ።

አስቀምጪው፣ ልጄ፣ ሊላት አፉን ፈለገው፤ የተረፈው ግን ከሥር ተሸክሞ የሚጠዘጥዝ አንድ ጣት ብቻ ነበር።