ከውስጥ የተሰፋው ፍራሽ

ይህ በእኔና በእናቴ ላይ የደረሰ ነው። አላምንም የሚል መብቱ ነው... እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር።

ቀኑ እሁድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። ያለነው ታዋቂው የድሮ ግንብ ሥር ነው። እሱን ለማየት የመጣው ሰው ብዛት አይጣል ነው፤ ሰልፉ ግንቡ ያለበትን ኮረብታ ሁለት ጊዜ ዞሮታል።

እናቴ ይህን ግንብ ለማየት ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኝ ኖራለች። ሰልፉን ግን እግሯ አልቻለውም። አብጦ ጫማው ጠቧታል።

የመመለሻው አውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። እኔ ያመጣኋት ለደርሶ መልስ ነበር። እሷ ደግሞ አድረን፣ ሰው ሳይመጣ በማለዳ እንየው አለች። ተጨቃጨቅን። በኋላ አንጀቴን በላችውና አልጋ ፍለጋ ገባሁ።

ሁሉም ሞልቷል። ከግንቡ ጀርባ አንዲት አከራይ ብቻ አንድ ክፍል እንዳላቸው፣ እሱም አሁን ገና እንደተለቀቀ ነገሩን።

እናቴ እንደገባች ጋደም አለች።

"ውይ... የአልጋው ሙቀት" አለች።

ሥራዬ ፍራሽ መስፋትና ማደስ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ላብ፣ የሰው ሽንት፣ የሰው ትውከት የጠጣ ፍራሽ ስተረትር ኖሬያለሁ። በቀላሉ የምጸየፍ ሰው አይደለሁም።

አንሶላውን ከጥጉ ገለጥ አደረግኩት...

ሽታው አፍንጫዬን አስያዘኝ። የላብ ሽታ አይደለም። ሳይታጠብ የከረመ አፍ ሽታ ነው... ትንፋሽ።

ጨርቁን ስነካው ዝልግልግ ያለ ነገር ከጣቴ ጋር ተሳበ። ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። አልለቅ አለኝ።

ከዚያ ስፌቱን አየሁት።

ፍራሽ ሲሰፋ መጨረሻ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል ክፍት ይተዋል። ጥጡ በዚያ ይጠቀጠቅና ከውጭ ተሰፍቶ ይቋጠራል። ሌላ መንገድ የለውም።

ይሄኛው ግን ውጭ ላይ ቋጠሮ የለውም። ክሩ ሁሉ የተሳበው ወደ ውስጥ ነው። የዘጋው እጅ... ውስጥ ነበር።

"እማዬ፣ ተነሺ።" ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በሹክሹክታ ነው ያልኩት።

"ምነው?"

"እንሂድ። አውቶቡሱ ሳያመልጠን።"

"እናድራለን ብለህ?"

"ሌላ ጊዜ አመጣሻለሁ። ተነሺ ብቻ።"

ቀና አለች። ቀኝ እጇ ግን በፍራሹና በግድግዳው መሃል እንደገባ ቀረ።

"ቆይ... እጄን ትልቀቀኝ" አለች፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ።

"ማን?"



ወገቧን አቅፌ ሳብኳት። አንዴ... ሁለቴ... በሦስተኛው ወጣላት። ድምፁ እግር ከጭቃ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት ነው። እጇ እስከ አንጓው ነጥቷል፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የዋለ ይመስል ተሸብሽቧል።

አከራይዋ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"አይዞሽ... ሌላ ሰው ይመጣል" አሉ ቀስ ብለው። እኛን አይደለም። የሚያዩት አልጋውን ነው።

እናቴን አዝዬ ሮጥኩ። አውቶቡሱን ለጥቂት ደረስንበት።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የእናቴ እጅ እስከ ዛሬ አልደረቀም። ጠዋት በፎጣ አደርቅላታለሁ፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይረጥባል። ያው ሽታ። ሐኪሙ ላብ ነው ብሎ ዱቄት አዘዘላት።

ጉንጬን ልትዳብሰኝ ስትዘረጋው ወደ ኋላ እላለሁ። ታያለች። እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ትከተዋለች። የገዛ እናቴን ተጸየፍኳት... ይህን መጻፍ ራሱ ያሳፍረኛል።

ትናንት ከሰዓት ወደ ሱቅ ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ አየኋት። እግሯ ከዳነ ቆይቷል። አረማመዷ ግን ቀስ ያለ ነው። ቀኝ እጇ ከጎኗ ራቅ ብሎ፣ ጣቶቿ ተከፋፍተው ነበር። በየመሃላቸው የሌላ ሰው ጣት የገባ ይመስላል።

አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመች። ወደ ቀኟ ዝቅ ብላ የሆነ ነገር አንሾካሾከች።

መኪኖቹ እስኪያልፉ ጠበቀች። ከዚያ፣ ገና መራመድ የሚማር ሰው እንደያዘች ሁሉ፣ እርምጃዋን እያሳጠረች ተሻገረች።