አራተኛው ጠርዝ

እትዬ ጨርሺ የተገኙት ከመስኮቱ ሥር ባለው ወንበራቸው ላይ፣ መርፌ እንደያዙ ነበር። አንገታቸው ወደ ጎን ዘንበል ብሏል። ጭናቸው ላይ ከመሃረብ የማትበልጥ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመች ብርድ ልብስ ተዘርግታለች። ላያቸው ሰው ሥራ ላይ እንዳሉ እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ሐኪሙ ግን ዓይናቸውን ገልጦ አየና፣ ከከንፈራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ በመቆንጠጫ አንስቶ፣

«እኚህ ሴትዮ በራሳቸው ጊዜ አልሞቱም። ታፍነው ነው» አለ።

«በምን?» አለች መርማሪዋ።

«በዚያ ትራስ ይመስለኛል።»

ትራሱ ከወንበሩ ኋላ ወድቋል። አንድ ጎኑ ተተርትሮ ጥጡ ወጥቷል። መርማሪዋ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ለረጅም ጊዜ አየችው። ጥርሷን ሲያማት ነበር ያደረው፤ ሰው ባይሞት ኖሮ ዛሬ ከአልጋዋም አትነሳም። በሥራ ቦታዋ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ ስትናገር ስለምትወጋ ነው የሚሉም አሉ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ስፌት ላይ ሲደርስ ግን መርፌነቷ ከንቱ ነው፤ የሸሚዟን ቁልፍ እንኳ የምታስተክለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ነው።

የሟቿ ነገር እንዲህ ነው። እትዬ ጨርሺ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስፌት አስተማሪ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው፤ የትኛዋም ልጅ ሥራዋን አስቀምጣ ቀና ካለች «ጨርሺ!» ይሏት ነበርና። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ሌላ አመል አመጡ። ሰው ጀምሮ የተወውን የጨርቅ ሥራ ከየሣጥኑና ከየቁም ሣጥኑ አናት ጎትተው ያወጣሉ። ደህናውን ከመሃል ይቆርጡና፣ ገበር አልብሰው፣ መካከሉ ላይ ስስ ጥጥ አድርገው፣ በእጅ ወስውሰው ጠርዙን ይዘመዝሙታል። እንዲህ እያሉ ለአሻንጉሊት እንኳ የምትጠብ ብርድ ልብስ ይሠሩበታል። የተረፈው ጨርቅ የወጥ ቤት መወልወያ ይሆናል። ከዚያ ባለቤቷ ዘንድ ሄደው «ይኸው፣ ጨረስኩልሽ!» ይላሉ። በደስታ የምታለቅስ አለች፤ ማን ንኪ አለሽ ብላ የምትቆጣም አለች። እሳቸው ምስጋናውን እንጂ ቁጣውን ሰምተው አያውቁም። የክፍሉ ግድግዳ በነዚህ ትንንሽ ብርድ ልብሶች ተሸፍኗል። በማግሥቱ ለሕዝብ ሊታዩ አዳራሽ ተይዞላቸው ነበር።

የመርማሪዋ ረዳት፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ፖሊስ፣ ካቴናውን እያንቀጫቀጨ መጣ።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ። «የእንጀራ ልጃቸው ነው፤ ፋርማሲስቱ። ትናንት ‹ወይ እኔ ወይ ይሄ ድሪቶ!› እያለ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከወጣ በኋላ መነጽሬን ረሳሁ ብሎ ተመልሶ ገብቷል።»

«ሌላ ማን ነበር?»

«ሬሳውን ያገኘችው ባለ ሱቋ አለች። የሟቿ ታናሽ እህትም እዚሁ ነው የሚኖሩት፤ ጓሮ ልብስ ሲያጥቡ ነበር። እሳቸውን እንኳ ይተዉአቸው፣ ምስኪን ናቸው።»

«እኔ የምተወው ሰው ሲኖር እነግርሃለሁ። ያን ብረት ኪስህ ክተተው፤ ጥርሴ ላይ ነው የሚንቀጫቀጨው።»

ፋርማሲስቱ ሳሎን ውስጥ ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ ተቀምጧል።

«እትዬን አልወዳቸውም ነበር፤ አልዋሽም» አለ። «አባቴ እዚህ ቤት ሲያመጣኝ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ ታናሽየዋ ናት፣ እታለም። ትምህርት ቤት ያመላለሰችኝ እሷ፣ ስታመም አጠገቤ ቁጭ ብላ ያደረችው እሷ። እትዬ ‹የቤት ሥራህን ጨርስ› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም።»

«ትናንት ምን አስጮኸህ?»

«ባለቤቴ መውለጃዋ ደርሷል። ያ ክፍል ለሕፃኗ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። ጨርቁን እናውጣው ስላቸው ‹ካንተ ልጅ በፊት የተጀመረ ስንት ሥራ አለ› አሉኝ። ተናደድኩ፤ ጮህኩ። ግን ሰው አልገደልኩም! መነጽሬን ወስጄ ወጣሁ፣ ክፍላቸውን ዞር ብዬም አላየሁም። ጀምረው የነበረውን ሳይጨርሱ መሞታቸውን የሰማሁት ከእናንተ ነው።» ቀና ብሎ አያት። «ካሰራችሁኝ ልጄ ስትወለድ አላያትም። ይገባሻል?»

«ይገባኛል» አለች መርማሪዋ፤ ለወትሮው እንዲህ አትልም። «እሳቸውን የሚጠላ ሌላ ሰው ታውቃለህ?»

«ባለ ሱቋን ጠይቂያት። በዚህ በነገው ትርኢት የተነሳ ዓይንና ናጫ ሆነው ነው የሰነበቱት።»

ባለ ሱቋ መንገድ ዳር ክርና ቁልፍ የምትሸጥ፣ የእትዬ ጨርሺ የጥንት ተማሪ ናት። ምላሷ እንደ ስፌት መኪና ይሄዳል።

«ሬሳ ያገኘሁት አንሶ ደግሞ እኔው ልጠርጠር? ጉድ እኮ ነው!»

«ትጣሉ ነበር?»

«እንጣላለን እንጂ! ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ አሁንም ተማሪ ያደርጉኛል። ስፌቴን ሰው ፊት በመቀስ ተርትረው ‹ድገሚ› ይሉኛል። የኔን ሥራዎች የአዳራሹ በር ኋላ ነው ያስመደቧቸው፤ በሩ ሲከፈት አይታዩም። አቃጥለውኛል። ግን በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ዛሬ አይተዋቸው ነበር?»

«ሱቄን ልከፍት ሳልፍ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ይቺኑ ጭናቸው ላይ ያለችውን በትንሿ ካውያ ሲተኩሱ ነበር። እጄን ባውለበልብ መች ቀና ብለው! በኋላ ሥራዎቹን ልወስድ መጥቼ በሩን ባንኳኳ ባንኳኳ ዝም። ገፋ አድርጌው ስገባ...» መሃረቧን አወጣች። «የሚያንገበግበኝ ሳይጨርሱ መሞታቸው ነው። እሳቸው እኮ በሕይወታቸው ጀምረው የተዉት ነገር የለም።»

መርማሪዋ ወደ ጓሮ ወጣች። ታናሽ እህትየው ከልብስ መዘፍዘፊያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አንሶላ ይጨምቃሉ። ገና ሲያይዋት፣

«ልጄ፣ ጥርስሽን ነው? ጉንጭሽ አብጧል። ቅርንፉድ ልስጥሽ፣ ያደነዝዝልሻል» አሏት።

«ይቅር እናቴ። ጠዋት ምንም አልሰሙም?»

«ምንም። ያን ክፍል ከረገጥኩት ሳምንት አልፎኛል። አቧራው ያስነጥሰኛል።»

«እርስዎም ስፌት ያውቃሉ?»

«ድሮ። መርፌ ከተውኩ ልጄ፣ ያንቺ ዕድሜ ይሆነኛል።»

«እህትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

አሮጊቷ አንሶላውን እንደገና ጠምዝዘው ጨመቁት፤ ውሃ ግን አልቀረበትም።

«ደግ ናት። ክፋት አታውቅም። ሁሉንም ለሰው ብላ ነው። እኔን ግን... ሳጥኔን ከፍታ፣ ሳልጠይቃት ጨረሰችብኝ።»

«ምኑን?»

«ምኑን ትይኛለሽ፣ ጨርቄን ነዋ! አሮጌ ጨርቅ ነው፣ ተይው።»

ገመዱ ላይ አንሶላው በግዴለሽነት ተወርውሯል። ጥግ ላይ ግን አንዲት ቁራጭ መወልወያ ለብቻዋ፣ እጥፋቷ በእጅ ተዳብሶ ተሰጥታለች። ታጥቦ የሳሳ ለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ትንንሽ ቢጫ ወፎች አሉበት። መርማሪዋ አየቻትና ወደ ሟቿ ክፍል ተመለሰች።

ጭን ላይ የነበረችውን ብርድ ልብስ መስኮቱ ጋ ወስዳ በብርሃኑ አየቻት። መሃሏ ላይ እነዚያው ቢጫ ወፎች አሉ። ሦስቱ ጠርዞች ለዓይን በማይታይ ስፌት ተዘምዝመዋል፤ አራተኛው ክፍት ነው። አፍንጫዋ ጨርቁን እስኪነካ ድረስ ጠጋ አለች። ከዚያ ሟቿ ይዘውት የነበረውን መርፌ አነሳች፤ ከወንበሩ ሥር ተንበርክካ ወለሉን ዳሰሰች፤ የክር ቅርጫቱን ገለበጠች። ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«ሁሉንም ሳሎን ሰብስብልኝ» አለችው።

ሦስቱም ተቀመጡ። ፋርማሲስቱ እታለሙ አጠገብ ነው፤ እጃቸውን ይዟል። ረዳቱ ከኋላው ቆሟል፤ ካቴናው እንደገና ከኪሱ ወጥቷል።

«ሁላችሁም እትዬ ጨርሺ ሥራቸውን ሳይጨርሱ ሞቱ አላችሁኝ» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «እኔም መጀመሪያ ያየሁት እንደዚያ ነው። ግን መርፌው ውስጥ ያለው ክር ጨርቁን አልነካም። ሲሰፋ የሞተ ሰው ክሩ ከሥራው ጋር እንደተያያዘ ነው የሚገኘው። መርፌው ከሞቱ በኋላ እጃቸው ላይ የተደረገ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ባለ ሱቋ። እኔ ስፌት አላውቅም። ጠርዙ ያልተዘመዘመ ሥራ ይተኮሳል?»

ባለ ሱቋ ራሷን ነቀነቀች። «ኧረ በፍጹም! መተኮስ የመጨረሻው ነው። እትዬ ደግሞ በሕይወት...» አቋረጠች። «ወይኔ! ጨርሰው ነበር!»

«ጨርሰው ነበር። አራተኛው ጠርዝ ላይ ባዶ የመርፌ ቀዳዳዎች በረድፍ አሉ፤ የካውያው እጥፋትም እንዳለ ነው። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ከዚያ ተፈቷል።»

«ራሳቸው ፈትተውት ቢሆንስ?» አለ ረዳቱ።

«ክሩ የታለ? ወለሉም ላይ የለም፣ ቅርጫቱም ውስጥ የለም። የፈታው ሰው ይዞት ሄዷል።»

ማንም ሳይጠይቃቸው የታናሽ እህትየው እጅ ከፋርማሲስቱ መዳፍ ወጥቶ ወደ ሽርጣቸው ኪስ ሄደ። መርማሪዋ አየች፤ ንግግሯን ግን አላቋረጠችም።

«አሁን ማን ይፈታዋል? ይሄ ልጅ መርፌ ከምስማር አይለይም፤ ቢናደድ ይቀደዋል። ባለ ሱቋ ሥራው ያልተጨረሰ መስሎ ትርኢቱ ላይ እንዳይቀርብ ብላ ልትፈታው ትችላለች፤ ይሄን አስቤዋለሁ። ግን የሚቀና ሰው በመቀስ ያበላሻል። ይሄኛው ክሩን እንኳ ሳይበጥስ፣ ጨርቁን እንዳያመው የተጠነቀቀ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ነው የሳበው። ሬሳ አጠገብ ተቀምጦ! ሥራውን የጠላ ሰው አይደለም። ማለቁን የጠላ ሰው ነው።»

ወደ አሮጊቷ ዞረች። ድምፅዋ ሳታስበው ዝቅ አለ።

«እናቴ፣ ሁሉም ‹ሳይጨርሱ ሞቱ› ሲሉኝ፣ እርስዎ ብቻ ‹ጨረሰችብኝ› አሉኝ። እኔ የጨርቁን ማለቅ መስሎኝ ነበር። ገመዱ ላይ ያለችውን መወልወያ ወፎች ብርድ ልብሷ ላይ ሳይ ነው የገባኝ። ያን ክፍል አልረገጥኩም ያሉት ሰው፣ ያቺን ሥራ ካለቀች በኋላ አይተዋታል።»

ባለ ሱቋ ብርድ ልብሷን ከመርማሪዋ እጅ ተቀብላ ወፎቹን በጣቷ ነካች። ፊቷ ተለወጠ።

«የልጅቷ ነው» አለች። «አምላኬ፣ እንዴት ልብ ሳልለው! እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። እታለም ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ይሄን ጨርቅ ለሷ ብርድ ልብስ ጀምራላት... ልጅቷ በሞት ቀደመች። ከዚያ በኋላ መርፌ ስትይዝ ያያት የለም።»

«እታለም?» አለ ፋርማሲስቱ። «ልጅ ነበረሽ?»

አሮጊቷ አላዩትም። ከሽርጣቸው ኪስ አንድ ረጅም ነጭ ክር አወጡ፤ ጉልበታቸው ላይ አድርገው አስተካከሉት።

«ጠዋት ወጥ ቤት የፈሰሰ ስወለውል፣ በእጄ የያዝኩትን አየሁ» አሉ። «የልጄን ወፎች። ሮጬ ሳጥኔን ብከፍት ባዶ ነው። ክፍሏ ስገባ ከካውያው ላይ ቀና ብላ ሳቀች። ‹ይኸው፣ ዕድሜ ልክሽን የተጎተተውን ጨረስኩልሽ!› አለችኝ። ‹ጨረስሽብኝ› አልኳት። ‹አይ አንቺ፣ ምስጋና አታውቂ› ብላ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ሳቋን ልታቆም አልቻለችም። ዝም እንድትል ነበር የፈለግሁት።»

ረዳቱ ካቴናውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

«እስካላለቀ ድረስ ለልጄ የምሠራላት ነገር ነበረኝ» አሉ አሮጊቷ። «እሷ ያን አታውቅም። ምንም ነገር ሳይጨርስ ቁጭ የሚል ሰው ሰነፍ ነው የሚመስላት። አራቱንም ልፈታው ነበር፤ በሩ ተንኳኳ። መርፌ እጇ ላይ አድርጌ በጓሮ ወጣሁ።»

ፋርማሲስቱ ተነስቶ ቆመ፤ በሩን የዘጋ ያህል ነበር አቋቋሙ።

«እታለም፣ ይሄ ሰውዬ ካቴናውን ሲያሳየኝ እዚህ ነበርሽ። ሚስቴ ልትወልድ እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ዝም ልትዪ ነበር?»

«ዝም ልል ነበር።»

«እኔስ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

አሮጊቷ አንጋጠው አዩት፤ ጫማውን፣ ጋውኑን፣ ሽበት የጀመረውን ጺሙን ሳይቀር። ፊታቸው ላይ ቁጣም እፍረትም አልነበረም።

«አንተማ አድገሃል» አሉት።

መርማሪዋ ክንዳቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። ፋርማሲስቱ ትንሽ ቆየና እንዲያልፉ ከበሩ ዞር አለ።