ሳል የማይሰማበት በረት

ሐኪሟ የሞተችውን ላም ደረት በመጥረቢያ ስትፈልጠው ከከበቧት ሰዎች ግማሾቹ ፊታቸውን አዞሩ። አንዱ አጥር ሥር ሄዶ አስመለሰ። የጎድን አጥንቱን በሁለት እጁ ፈልቅቆ የያዘላት አንድ ወጣት ብቻ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው ነው የመጣው።

ሳንባው እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ከጎድኑ ጋር ተጣብቋል። ቢላዋዋን ስታስገባ ቢጫ ውሃ ተንዠቅዥቆ የሁለቱንም ጫማ አራሰው።

«ፊትዎን ዞር ያድርጉ ዶክተር፤ ይረጭብዎታል።»

«አንተስ አትዞርም?»

«እኔማ ከብት መሃል ነው ያደግኩት። ሰፈሩ ጥጃው ነው የሚለኝ። እናቴ ወተቷ ሲነጥፍባት ከጥጆቹ ጋር በአንድ ጡጦ አሳደገችኝ ብለው ያሙኛል።»

ሳቋ አመለጣት። እስከ ክርኗ በደም ተነክራ፣ በዚያ ሽታ መሃል መሳቋ እሷኑ ገረማት። ቀና ስትል ዓይኑ ላይ ወደቀች፤ ሁለቱም ቶሎ አልሸሹም።

«እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ» አለችው፤ «አንቺ በለኝ።»

ላሟን የገደላት ከከብት ወደ ከብት በትንፋሽ የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ ነበር። ሐኪሟ የተላከችው ከየት እንደተነሳ አጣርታ እንድታስቆመው ነው። የከብት ገበያው ተዘጋ፤ መውጫ መንገዶች ላይ ፖሊስ ቆመ፤ እሷም ደም ልትቀዳ በየበረቱ መዞር ጀመረች። ጥጃው ኮርማ እየያዘላት አብሯት ዞረ።

ሥራው ጦርነት ነበር፤ ከብቱ ታሟል እንዲባልበት የሚፈልግ የለም። አንዱ ቤት ውሻ ለቀቁባቸው። ሌላው ቤት አንድ ሽማግሌ የደም ብልቃጦቹን በከዘራቸው አደቀቋቸው። አንድ ቀን ደግሞ ከአጥር ጀርባ የተወረወረ ድንጋይ ግንባሯን ፈነከታት። ጥጃው ሸሚዙን አውልቆ ቁስሉን ተጫነው።

«ያምሻል?»

«አንተ ስትጫነው ያመኛል።»

«ልልቀቀው?»

«አትልቀቀው።»

ደሙ ከቆመም በኋላ እጁን አላነሳም። እሷም አንሳ አላለችውም።

ሐኪሟ በየሄደችበት ቤት የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ መጀመሪያ የታመመችው ላም ከማን ተገዛች? መልሱ ሁሉ ወደ አንድ በረት ወሰዳት። ያ በረት የጥጃው ታላቅ ወንድም በረት ነው፤ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ጥጃውን ያሳደገው ወንድሙ። በበረቱ አንዲት የምታስል ላም አልነበረችም። የደሙ ውጤት ሲመጣ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ተይዘዋል።

ጥጃውን በረቱ በር ላይ አገኘችው።

«የወንድምህ በረት ነው» አለችው።

«አንድም የምታስል የለችንም እኮ!»

«እሱ ነው ችግሩ። ወንድምህ የሚወጋቸው ምንድን ነው?»

ጠዋት ጠዋት መርፌውን ያያል። «ቫይታሚን ነው ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ።

«ሳሉን የሚያፍን መድኃኒት ነው፤ በሽታውን አያጠፋውም። ሳሏ ሲጠፋ ይሸጣታል፤ እሷም የገዛትን ሰው በረት ትፈጃለች።»

«እና ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሁሉም ይገደላሉ። የምተኩሰውም እኔ ነኝ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ያን ሁሉ ቤት ይዤሽ ስዞር በእኔ በኩል ወደ ቤታችን እየገባሽ ነበር?»

«የፈለግኩት በሽታውን ነው። አንተን አልፈለግኩህም፤ ራስህ ነህ የመጣኸው።»

የብረቱን በር ፊቷ ላይ ጠረቀመው።

የግድያው ቀን ከበረቱ ጀርባ ጉድጓድ ተቆፈረ። ታላቅየው በሩን በሰንሰለት ቆልፎ ከውስጥ ይሳደባል። ፖሊሶቹ ሰንሰለቱን ሲቀጠቅጡ ሐኪሟ ሌላ ድምፅ ሰማች፦ ከኋላ በኩል እንጨት ይፈለጣል። ጠመንጃዋን ይዛ ሮጠች። ታላቅየው የጓሮውን አጥር በመጥረቢያ ሰብሮ መንጋውን ወደ ጎረቤት ግጦሽ ሊነዳ ነው። በክፍተቱ ላይ ግን ጥጃው እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል።

«ውጣልኝ! ያበላሁህ እኔ ነኝ! ለሴት ብለህ ልትጨርሰኝ?»

«ለሷ አይደለም ጋሼ። ማዶ ያሉት የሰው ከብቶች ናቸው፤ በቃን።»

መጥረቢያው ትከሻው ላይ ወረደ። አጥንቱ ሲሰበር ሐኪሟ ካለችበት ተሰማት። ጥጃው በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ ከክፍተቱ ግን አልተነሳም። የደነገጠው መንጋ ግር ብሎ መጣ፤ ከፊት ያለው ኮርማ ቀንዱን ደፍቶ በላዩ ሊያልፍ ሲል ተኮሰች። ኮርማው የፊት እግሮቹ ታጥፈው ጥጃው እግር ላይ ተዘረረ። የተከተለችውንም ላም ጣለቻት። ታላቅየው መጥረቢያውን አንስቶ ወደሷ ዞረ፤ አንድ ፖሊስ በሰደፍ አፉን ብሎ ጥርሱን አረገፈው።

ጥጃውን ከሬሳው ሥር ጎትተው መኪና ላይ ጫኑት። አንገቱን አዙሮ አያት። አንድ እግሯን ወደ መኪናው አነሳች። ያን ጊዜ መንጋው እንደገና ወደ ክፍተቱ ተገፋ።

እግሯን መለሰችና ጥይት አጎረሰች።

መኪናው ሲሄድ ዞራ አላየችም። አፈሙዙ እስኪግል፣ ትከሻዋ እስኪበልዝ ድረስ እንባዋን ሳትጠርግ ተኮሰች። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ደጃፉ ላይ ቆመው የምትወድቀውን ላም ሁሉ በስሟ ይጠሯታል፤ ስም በተጠራ ቁጥር ሐኪሟ ጥርሷን ነክሳ ወደሚቀጥለው ግንባር ታልማለች።

ሆስፒታል ስትደርስ እናቲቱ አልጋው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ታላቁ ልጃቸው ታስሯል፣ ታናሹ በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ በረታቸው ባዶ ነው። ብድግ አሉና በጥፊ አጮሏት። ከንፈሯ ተሰነጠቀ።

«ይሄ ለላሞቼ ነው» አሉ።

ሐኪሟ አልተነቃነቀችም። እናቲቱ ነጠላቸውን ከአግዳሚው ላይ ሰበሰቡ።

«ተቀመጪ። በባነነ ቁጥር የሚጠራው አንቺን ነው፤ እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም ማለት ሰለቸኝ።»

ጥጃው ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የጠየቀው «ያመለጠ አለ?» ብሎ ነው።

«አንድም የለም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አልጋው እስኪነቃነቅ አለቀሰ። እስኪወጣለት ጠበቀችው።

«ለምን አብረሽኝ አልመጣሽም?»

«ብመጣ ያመልጡ ነበር።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ልመጣ ነበር። እግሬን አንስቼ ነበር።»

በደህናው እጁ ጣቶቿን ፈልጎ ያዘ።

«ብትመጪ ኖሮ እጠላሽ ነበር ልልሽ አስቤ ነበር» አላት። «ውሸት ነው። ብትመጪም እወድሽ ነበር።»

ጎንበስ ብላ በተሰነጠቀ ከንፈሯ ግንባሩን ሳመችው። ግንባሯንም በግንባሩ ላይ አሳረፈች።

እናቲቱ ወደ መስኮቱ ዞረው ቆይተው፣ ሳያዩዋቸው፣ «ትከሻውን ተጠንቀቂለት» አሏት።