የግምጃ ማርካ

ምስጢር የአባቷን ኮቴ ስትሰማ የአሴቶኑን ጠርሙስ ከድና ከጀርባዋ ሸጎጠችው። ወርቃማ ቀለም የጠጣው ጥጥ ግን እጇ ላይ ቀረ። ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ቤቷ፣ እንደ ሌባ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

አባቷ ዕንባቆም ወደ ማድ ቤቱ አልገባም። መስኮቱ ላይ ያስቀመጠው ስልክ ኔትወርክ መያዙን አይቶ ተመለሰ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ነው፤ ከግምጃ ሆቴል ይደውሉልኛል ብሎ ይጠብቃል።

አይደውሉለትም። ምስጢርም እናቷ አየለችም ይህን ያውቃሉ። ዕንባቆም አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአስተናጋጅነት የሠራበት ሆቴል ቱሪስት ከጎንደር ሲጠፋ ተዘጋ፤ ዘንድሮ ደግሞ ዕቃው ሁሉ ተሸጠ። ከተሸጠው አንዱ ከረጢት አሁን እግሯ ሥር ነው፤ የፖከር ቺፕስ። ታናሽ ወንድሟ ቺፕስ መጣ ሲባል ድንች መስሎት ሮጦ መጥቶ፣ አኩርፎ ነበር የተመለሰው። ቁማርተኞች በብር ፋንታ የሚያስይዙት ክብ ፕላስቲክ ነው። ግምጃ ውስጥ ግን ማንም ቁማር አልተጫወተበትም፤ ማርካ ነበር። አስተናጋጁ ከካሸሯ ይቀበልና ለባንኮኒው ሰጥቶ ቢራውን ያነሳል። በእያንዳንዱ ላይ «ግምጃ» የሚል ስም በወርቅ ቀለም ታትሞበታል።

የገዛችው ሸዋረጋ የምትባል ሴት ናት። ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ላይ ግሮሰሪ ልትከፍት ነው። የሌላ ቤት ስም ያለበት ማርካ ስለማትፈልግ፣ ስሙን አጥፍተው አጥበው እንዲያስረክቧት ከአየለች ጋር ተስማማች።

ዕንባቆም ከረጢቱን ድንገት ያየ ዕለት አየለች ደነገጠችና፣ ሆቴሉ ሊከፈት ስለሆነ እጠቡልን ብለው ላኩት አለችው። ከአፏ ያመለጠ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በማግስቱ ጢሙን ተላጨ፤ ጥቁር ኮቱን አውጥቶ ቦረሸ፤ ከስንት ወር በኋላ ምሳም እራትም በላ። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ለመንገር ማን አንጀት አለው?

ትናንት ግን ሸዋረጋ በጎረቤት በኩል ላከችበት። ልምድ ያለው አስተናጋጅ እንደምትፈልግ፣ መልሱንም እስከ እሑድ እንደምትጠብቅ። ዕንባቆም ሳቀ። ግምጃ ሊከፈት እኔ ግሮሰሪ ልግባ? አለ። ምስጢር እናቷን ተከትላ ወጥታ እንንገረው ብትላት፣ አየለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «ዝም በይ፤ እህል የቀመሰው ገና አሁን ነው» አለቻት።

አሁን ዕንባቆም ድንገት ማድ ቤት ገባ። እጅጌውን ሰብስቦ ዱካ ላይ ተቀመጠና የጥርስ ብሩሽ ይዞ በሳሙና ውሃ ያጥብ ጀመር። ወርቁን እንዳትነኪው፣ ዙሪያውን ብቻ ፈትጊ እያለ ያስተምራታል። እያፏጨ ነበር። እጁን ስማቸው የጠፋው ማርካዎች ወዳሉበት ሁለተኛ ሳፋ ሲሰድ ምስጢር አልደረሰችበትም።

«ምነው፣ የዚህኛው ስሙ የታለ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር፤ አጥብቄ ፈትጌው ነው ልትለው። ያምናታል። ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ምንም ብትለው ያምናታል። በእናቷ ተናደደች፣ በእሱም፣ ከሁሉም በላይ በራሷ። ጠርሙሱን ከጀርባዋ አውጥታ በመካከላቸው አስቀመጠችው።

«አጥፉት ተብለን ነው፣ አባዬ። የሸዋረጋ ነው። ግምጃ ከእንግዲህ አይከፈትም።»

ዕንባቆም ማርካውን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳበሰው። አሴቶን ወርቁን ያነሳል እንጂ ማኅተሙ የቦረቦረውን አይሞላም፤ ስሙ በጣት ይነበባል።

«ግምጃ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ተነሥቶ ሄደ። ስልኩን ከመስኮቱ ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተና ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። ምስጢር ጠርታ ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን አላወቀችም።

«ሸዋረጋ መልስ የምትጠብቀው እስከ ነገ ነው፣ አባዬ።»

ከረጢቱ ገና ግማሽ ነው። ምስጢር ጥጡን ነክራ አንድ ማርካ አነሳች። የማድ ቤቱን በር ግን አልዘጋችውም።