የአራት ጣት ምልክት

«ዛሬም ይዞኝ አደረ» አለች ሀብትነሽ፣ ግራ እጇን መስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ።

ልጇ ሸጌ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳነገተች ቆመች። በእናቷ እጅ ጀርባ ላይ አራት ሰማያዊ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ ሰው ጨብጦ የለቀቃት ይመስላል። ትናንት ሁለት ነበሩ። ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ያብለጨልጫል።

«ይሄ የሐኪም አይደለም» አሉ ግቫት ጺዮን በሚባለው ሰፈር በር ለበር የሚኖሩት ጎረቤታቸው እትዬ ሀረጓ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አዲስ አበባ ቀብረሻት የመጣሽው እህትሽ ናት። ጥለሽኝ ሄድሽ እያለችሽ ነው።»

ሀብትነሽ ከቱቦው ነጭ ቅባት ጨምቃ በወፍራሙ ለቀለቀችው።

ሸጌ ቱቦውን አየችው። ከስድስት ወር በፊት፣ እናቷ የምትሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት በረኪና እጇን ሰነጣጥቆ ሲያደማው፣ ኩፓት ኾሊም፣ የጤና መድኑ ክሊኒክ፣ ወስዳ ከዕብራይስጥ ያስተረጎመችላት እሷ ነበረች። ሐኪሟ ብዙ ተናግራለች፦ ኤክዜማ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው፤ ቅባቱ ስቴሮይድ የተባለ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ በስሱ፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ፤ ሳህን ስታጥብ ጓንት ታድርግ። ጓደኛዋ ኦስናት ግን ባሕር ልንሄድ ነው ብላ ውጭ ትጠብቃት ነበር። ሸጌም «እስኪድን ተቀቢው በቃ» ብላ አሳጠረችው። ቅባቱ ሲያልቅባት እናቷ ያንኑ ከሚቀቡ የሥራ ጓደኞቿ እየለመነች ቀጠለች።

«ኢማ፣ ተይው!» አለች ሸጌ እናቷን። «ያቺ ሐኪም፣ ሮፍኣዋ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለችው። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ። ቸኩዬ ነበር።»

ምድር ቤት በር ሲዘጋ ሦስቱም ደነገጡ። ሀብትነሽ ልጇን ትክ ብላ አየቻትና ነጠላዋን አነሳች።

«ነይ፣ ሐኪሟ ጋ እንሂድ።»

ሐኪሟ እጁን እያገላበጠች አየችው። ቅባቱ ሲበዛ ቆዳን ያሳሳል፤ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ትንሽ ሲነካ ይበልዛል አለች። ምልክቶቹ ምናልባት ተኝታ ስታሻሸው ያረፉ የራሷ ጣቶች ይሆናሉ። ጠንካራው ቅባት ይቁምና ሌላ ታዝዝላታለች። ሸጌ አንዲት ቃል ሳታስቀር ተረጎመች።

«የራሴ ጣቶች?» ሀብትነሽ ቀኝ እጇን ምልክቶቹ ላይ አሳረፈች። አልገጠሙም። «ጠይቂልኝ፣ ልጄ» አለች በሹክሹክታ። «የሞተ ሰው እጅ ይይዛል ወይ? መቃብሯን ሳልሰናበት ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት።»

«ማ ሂ ኦሜሬት?» አለች ሐኪሟ፣ እናትየዋ ምን እንዳለች ለማወቅ።

የሸጌ ጆሮ ጋለ። «ምንም አላለችም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ሐኪሟ ትስቅ ይሆናል።

ወንበሯን ወደ እናቷ አስጠጋችና፣ ከመጀመሪያው ጀምራ እንዳለ ተረጎመችው።