የነሐስ ዓሦች ግብር

«የኤልሞራ ሕዝብ ሆይ፣ ስማ!» አለ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪት እያስጎሰመ። «ወንዛችን ዛሬም እንደ ትናንቱ ቁልቁል ይፈስሳል!»

ሕዝቡ እጅግ ተደንቆ አጨበጨበ። ዕለቱ ዓመታዊው የዓሣ ግብር ነበርና ንጉሥ ታርዮስ ከድልድዩ ላይ ሆነው ውኃው ውስጥ በሽቦ ለተንጠለጠሉት የነሐስ ዓሦች ዳቦ ፈርፍረው በተኑ። እንደ ሥርዓቱም ሁሉም ባንድ ድምፅ «በላ!» ብሎ ጮኸ። ፍርፋሪው ግን ወንዙ የሚፈስስበትን ልሙጥ የእብነ በረድ ቦይ ተከትሎ ሄደ። በዚያ ውኃ ሕይወት ያለው ነገር ከጠፋ ዘመን አልፏል።

ድንገት ሰማዩ ጠቆረ። የምንጩ ጠባቂ የዘንዶው የኦርባት ድምፅ ከተማዋን አንቀጠቀጣት። «እስከ መጪው ግብር አንድ ሕያው ነገር ወንዜን ቤቱ ካላደረገ ምንጬን እዘጋለሁ!»

አገሩ ክው አለ።

«ዓሦቻችንን አላየም እንዴ?» አሉ ንጉሡ።

«ጃንሆይ፣ ነሐስ እኮ ናቸው» አለች ወጣቷ ቀራፂ ሪምና።

ሁለት መኳንንት ራሳቸውን ሳቱ።

ሪምና መዶሻዋን አንሥታ ማለች። «ሕይወት ሳልይዝ ብመለስ ይህ እጄ ድንጋይ ይሁን!»

ሽማግሌው ጦረኛ ጎርዳን ተከተላት። የእሳት ንቦችን ሸለቆ ተሻግረው፣ ፊታቸው ተለብልቦ፣ ከኦርባት ዋሻ ደረሱ። ጎርዳን ሰይፉን መዘዘ።

«አባ ጎርዳን፣ ይመልሱት እንጂ! ልንለምን ነው የመጣነው።»

«እኔ መዝዤ ነው የምለምነው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

ዘንዶው የሚያበራ የዓሣ እንቁላል በቀንድ ሞልቶ ሰጣቸው። «በልሙጥ ቦይ ግን አያድርም፤ ውኃው ይወስደዋል። ሸካራና ጎድጓዳ ቤት ይፈልጋል። የሚይዘውም በፍቅር የተቀረጸ ድንጋይ ብቻ ነው።»

ሪምና በፍቅር የቀረጸችው የሟች እናቷን ፊት ብቻ ነበር። ከእናቷም የቀራት መልክ እሱ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ የንጉሡን ሐውልት ብንሰጠውስ?» አለ ጎርዳን።

«እሱን ታዝዤ ነው የቀረጽኩት።»

ከተማ ሲመለሱ የእናቷን ጉንጭ በመሮ ቦረቦረች፤ ዓይኖቿን በሳች፤ አፏን ሰፋ አድርጋ ከፈተች። ጎርዳን ፊቱን አዞረ። ከዚያም እንቁላሉን ውስጡ አኑረው ድንጋዩን ከድልድዩ ሥር አሰጠሙት።

የግብሩ ቀን ደረሰ። አዋጅ ነጋሪው ወንዙ መፍሰሱን አበሠረ፤ ተጨበጨበ። ንጉሡ ፈርፍረው በተኑ።

ከድንጋይዋ እናት አፍ ጣት የምታህል ዓሣ ብቅ አለች። አንዲት ፍርፋሪ ጎረሰችና ተመልሳ ገባች።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል «በላ!» ለማለት አፉ የታዘዘለት አንድም ሰው አልነበረም።